ኖራ ያልደረሰበት ግድግዳ

ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የማወራላችሁ ነገር ሁሉ ከፍርሃቴ ስለሚጀምር ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ጎንደር ገጠር ጀመርኩት፣ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ ተቋረጠ፣ እዚህ አገር ደግሞ ቋንቋውን ለመድኩና ብዙም ሳልቆይ ተዳርኩ። አጻጻፌ ቢያነክስ በዚህ ያዙልኝ።

የምንኖረው አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር ነው። ቤታችን ፎቅ የለውም፤ ከእኛ በፊት ሦስት ቤተሰብ የኖረበት አሮጌ ቤት ነው፣ ከፊቱ ትንሽ ግቢ አለው። ልጄ ኦሪት ሁለት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን በሩን ክፍት አግኝታ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ብቻዋን ሄደች። በማግስቱ ባለቤቴን ጌታሁንን ግቢውን ዙሪያውን በቆርቆሮ አሳጠርኩት፣ ከሰው ቁመት በላይ። ጊንጥ ያየሁ ቀን መሬቱን በሲሚንቶ አስደፈንኩ። እባብ ይሸሸግበታል ብዬ የሎሚውን ዛፍ አስቆረጥኩ። ኋላም የሮኬት ስብርባሪ መንገዱ ላይ ወድቆ የፊቱን ግድግዳ ሲበሳሳው፣ ቀዳዳዎቹን ማየት ስላቃተኝ ሰማያዊ ሸራ ጋረድኩበት። ከሸራው ሥር የባሕሩ እርጥበት ልስኑን እያሳበጠ አራገፈው። ግቢዬን ያየ ሰው ምን ምን እንደፈራሁ በየተራው ማንበብ ይችል ነበር። ግን ማንም አያየውም፤ ቆርቆሮው ይጋርደዋል።

ይህ ገጠመኝ የደረሰው ኦሪት ኤላድ ከሚባል ልጅ ጋር ልትጋባ በወሰነች ጊዜ፣ በነሐሴ ሙቀት ነው። ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ምንም ዝምድና አልተገኘም። ዓርብ ጠዋት ሽማግሌ ሊላክብን ነው። እሑድ ዕለት ልብስ ሳሰጣ ኦሪት መስኮቱ ጋ ቆማ ስልክ ስታወራ ሰማኋት።

"እኛ ቤት? አይሆንም ኤላድ። ግቢያችን እኮ ማኽሳን ነው የሚመስለው።"

ማኽሳን ማለት የዕቃ መጋዘን ነው። የያዝኩትን አንሶላ ሁለት ጊዜ ሰቀልኩት። ትንሽ ቆይታ ወጣችና እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ፣

"ኢማ፣ ሽማግሌዎቹ ያኒቭ ቤት ቢመጡስ?" አለችኝ። ኢማ እናቴ ማለት ነው፤ ያኒቭ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ አጋሚም ሰፈር፣ አዲሶቹ ፎቆች ጋ ይኖራል። "ሊፍት አለው፣ ባሕሩም ይታያል።"

"ሽማግሌ የሚመጣው የልጅቷ አባት ቤት ነው።"

"አባም ይመጣላ። አባ የተቀመጠበት ሁሉ የአባ ቤት ነው።"

"እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጪኝ፤ ግቢውን አሳምረዋለሁ።"

"ኢማ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው። በአራት ቀን?"

"እስከ ሐሙስ። ካልሆነ ወንድምሽ ቤት ይሁን።"

ጉንጬን ሳመችኝና ገባች። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ አፍራ ነው። ማፈሯ ነው የወጋኝ።

ሰኞ ጌታሁን የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ከፋብሪካ ሲመጣ መፍቻና መዶሻ አቀበልኩት።

"ቆርቆሮውን ላንሳው?" አለ፣ ጆሮውን ያላመነ መስሎ።

"ግማሹን።"

"ግማሽ አጥር ምን ይባላል ታንጉት? በር ነው?"

"እሺ፣ ሁሉንም። ግን ቀስ እያልክ።"

አንዱን ቆርቆሮ ባነሣ ቁጥር መንገዱ እየቀረበኝ መጣ። ልጆቼ ትልልቅ ሆነው እንኳ "በሩን!" ብዬ ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። ጌታሁን ቀጥሎ ሲሚንቶውን ሰበረው። ከሥሩ ቀይ አፈር ወጣ፣ እርጥብና ደቃቅ። አንድ እፍኝ አንሥቼ ስጨብጠው በጣቶቼ ልክ ቅርጽ ይዞ ቀረ። እናቴ አፈር ስትመርጥ እንዲህ ነበር የምታደርገው።

ከሰዓት በኋላ የቤት እድሳት ሠራተኛ ጠራን። ሸራውን ገልጦ ግድግዳውን በጥፍሩ ጫር አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

"ይህ ግድግዳ ውሃ ጠጥቷል። ቀለም ብቀባው በሳምንቱ ይላጣል። ልስኑ ተነሥቶ ይድረቅ። ከበዓላት በኋላ ጥሩኝ።"

"ሽማግሌ የሚመጣው ዓርብ ነው።"

"የትኛው ሽማግሌ?" ብሎ ዞር ዞር አለ፤ ወጋችንን አያውቅምና ግቢው ውስጥ ሰው የደበቅን ሳይመስለው አልቀረም። ከዚያ ሄደ።

የላላውን ልስን እኔና ጌታሁን አራገፍነው። ራቁቱን የቆመውን ግድግዳ ሳየው እናቴ ትዝ አለችኝ። አገር ቤት በዓል በመጣ ቁጥር፣ ትልቅ እንግዳ በተሰማ ቁጥር ቤቱ ይለቀለቅ ነበር። መጀመሪያ ጭቃና ጭድ፣ ከላይ እበት። እኔም በልጅነቴ እጄ እስኪሻክር ለቅልቄያለሁ። የሚያስፈልገኝ ሁሉ አለ፤ አፈሩ ከእግሬ ሥር ነው። ጭዱንና እበቱን ደግሞ የማገኝበትን አውቃለሁ። ሥራዬ ከከተማ ወጣ ያለ ሞሻቭ በሚሉት የገበሬዎች መንደር ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ መንከባከብ ነውና፣ ከቤታቸው ጀርባ የላሞች በረት አለ።

ማክሰኞ ሥራ ስጨርስ የበረቱ ሠራተኛ ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች ሞላልኝ፣ ጭድም በፌስታል ጨመረልኝ።

"ለአበባ ነው አይደል?" አለ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ቀን የመጀመሪያው ውሸቴ ነበር። ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ ሆነ።

"ባልዲው ውስጥ ምንድን ነው?" አለኝ ሹፌሩ።

"አፈር።"

"አሽቀሎን አፈር አለቀ?"

ከኋላ ሄጄ ባልዲዎቹን በእግሮቼ መካከል አድርጌ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር ክዳኖቹን በሁለት መዳፌ እጫናለሁ። ከጎኔ የተቀመጠች ወታደር ልጅ መጀመሪያ ጫማዋን ገልብጣ አየች፤ ምንም አላገኘችም። ከዚያ ባልዲዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ተነሥታም ፊት ሄዳ ቆመች። አንድ ሰው "መስኮት የለም እንዴ!" ብሎ ጮኸ። እኔ ወደ ውጭ አያለሁ። ክዳኑ ቢፈናጠር ምን እላለሁ? ከአውቶቡስ ሲያስወርዱኝ፣ ስሜን ሲጠይቁኝ፣ ኦሪት ስትሰማ፣ ሁሉንም በየተራ አየሁት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ያልሆነውን ነገር ሁሉ አስቀድሜ እኖረዋለሁ።

ክዳኑ አልተፈናጠረም። ኦሪት እስከ ምሽት ሥራ ስለነበረች እኔና ጌታሁን ጭቃውን በእግራችን ረግጠን ለወስነው። ግድግዳውን ውሃ ረጨሁና ጭቃውን በመዳፌ መታሁት፤ ያዘ። ልረሳው እችላለሁ ብዬ የፈራሁትን እጄ አልረሳውም ነበር። ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ሲደፈኑ የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ የተነሣልኝ መሰለኝ። ጭቃው እስኪደርቅ ግን አልጠበቅኩም። ሐሙስ በዓይኔ ላይ ነበረችና እበቱን እዚያው በእርጥቡ ላይ ደረብኩት።

"ይደርቃል?" አለ ጌታሁን።

"አገር ቤት ጠዋት ለቅልቀን ማታ እንደገፈዋለን።"

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ደጋ ነው፤ ነፋሱ ደረቅ ነው። አሽቀሎን ውስጥ ግን በነሐሴ የታጠበ ፎጣ እንኳ ሁለት ቀን ይፈጃል። ላሞቹም የእኛ ላሞች አይደሉም። የእኛዎቹ ሣር ነበር የሚበሉት፤ እነዚህ በማሽን የተቀላቀለ መኖ ነው የሚበሉት።

ረቡዕ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ስትወጣ ሽታው ተነሣ። እንዴት ልንገራችሁ? አንድ ላም ግቢው ውስጥ የታሰረች አይመስልም፤ በረቱ በሙሉ የመጣ ነው የሚመስለው። ዝንቡ ከየት እንደሰማ አላውቅም፣ እስከ ቀትር ግድግዳው ጠቆረ። ግድግዳውን በጣቴ ነካሁት፤ እንደ ትናንቱ እርጥብ ነው። የኤሌክትሪክ ማራገቢያውን አወጣሁና ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሽታው መንገዱን ተሻገረ።

ኦሪት ከሥራ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የምትሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አፍንጫዋን በሸሚዟ ይዛ የተነሣው አጥር ቦታ ላይ ቆመች።

"ኢማ፣ ምንድን ነው ይኼ?"

ነገርኳት።

"ኢማ! ከዚህ ያነሰ ነገር እኔ በሁለት ጓንት ነው የምነካው! ግድግዳ ላይ? የቤታችን ግድግዳ ላይ?"

"ይደርቃል።"

"መቼ? ልጅ ስወልድ?" ስልኳን አወጣች። "ለያኒቭ ልደውል ነው። በቃ። አጋሚም ይሁን።"

"እሺ" አልኳት። ቃል ገብቼላት ነበር። ተገልብጦ የተቀመጠው ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳላስበው ያልነገርኳትን ነገር ነገርኳት።

"እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌ ሲመጣ ቤት አልነበረንም። ገና ተንቀሳቃሽ ቤቶች ሰፈር ነበርን፣ ክፍላችን ሦስት ሰው ካስቀመጠ አራተኛውን አያስገባም። አባቴ ሽማግሌዎቹን ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ቁሞ ነው የተቀበላቸው። ሲሄዱ፣ 'የልጅሽን ሽማግሌ እንኳ በቤትሽ ግድግዳ ጥላ ሥር ትቀበያለሽ' አለኝ። ቤት ስንገዛ እሱ ሞቶ ነበር። ቤቱን ገዛሁና እኔው ራሴ ሸፋፍኜ ደበቅኩት።"

ኦሪት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ያኒቭ ከውስጥ "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል። ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ዞሃራ የደረሰችው። ዞሃራ ከሞሮኮ በልጅነቷ የመጣች ባልቴት ናት፤ ግድግዳ ለግድግዳ ነን፣ ግን ቆርቆሮው ስለነበረ ፊቷን ያየሁት በበዓል በበዓል ነው።

"ማን ሞተ?" ብላ ጮኸች ገና ከመንገዱ። "ልጆቼ ለሰንበት ይመጣሉ! ለማዘጋጃ ቤቱ ልደውል ነው! አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ለምን ታለቅሳለች? እውነት ሰው ሞቷል?"

"ማንም አልሞተም" አለች ኦሪት። "ዓርብ ልጁ ቤተሰቦቹን ሊልክ ነው፣ እኔን ሊጠይቁ።"

ዞሃራ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች።

"ታዲያ ልጁን ካልወደድሽው በአፍሽ ንገሪው! እንዲህ ማሽተት ምን አስፈለገ?"

ኦሪት ሳቀች። ልትይዘው ፈልጋ አልቻለችም። እኔም እንባዬን በጭቃ እጄ እየጠረግኩ ሳቅኩ፣ ፊቴም ጭቃ ሆነ፣ ያ ደግሞ ባሰ። ዞሃራ አፍንጫዋን ይዛ ተጠጋችና የግድግዳውን ጥግ በጣቷ ገፋ አደረገችው።

"ከሥሩ ያለው ጥሩ ነው። የእኔም አያት ቤት ጭቃና ጭድ ነበር። ይህን ላዩን አንሡት። ከዚያ ሲድ ነው የሚያስፈልገው፤ ሽታውንም ዝንቡንም ይገድለዋል።"

ሲድ የምትለው ኖራ ነው። ሟች ባሏ ኖራ ቀቢ ነበር። ከእሱ የቀረ አንድ በርሜል፣ ውሃ ተሞልቶበት ጓዳዋ ውስጥ እስካሁን አለ።

"ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶ አልተበላሸም?" አልኳት።

"ኖራ በቆየ ቁጥር ይሻላል። እንደ እኔ ነው።"

ኦሪት ስልኩን ወደ አፏ መለሰች። "ያኒቭ፣ ምንም አይደለም። ነገ ከሥራ በፊት ና፣ በርሜል አለ የምትሸከመው" አለችው።

ሐሙስ ገና ሳይሞቅ ጀመርን። ኦሪት ከላብራቶሪ አንድ ካርቶን ጓንት አምጥታ ነበር። ዞሃራ ጓንቱን አይታ "ግድግዳውን ልታዋልጂው ነው?" አለቻት። እበቱን በማንኪያና በድስት ክዳን ፋቅነው። ጭዱ ውስጥ የገባው ግን አልወጣም። ከሥሩ ያለው ቀይ ጭቃ ግን ጠብቆ ይዟል። የተሸረፈውን እንዲሞላ አዲስ ጭቃ አቡክቼ ኦሪትን በመዳፏ እንዴት እንደምታሻሸው አሳየኋት። ጥቂት ሞከረችና ጓንቱን አውልቃ ጣለችው።

"በጓንት አይሰማኝም" አለች።

ከዚያ ኖራው። "ዓይናችሁን!" እያለች ዞሃራ ከወንበሯ ላይ ሆና ታዝዛለች፤ ጌታሁን በረጅሙ ብሩሽ ይቀባል። መጀመሪያ ግራጫ ነበር፤ እየደረቀ ሲሄድ ግን እየነጣ፣ እየነጣ መጣ። አንድ ክንድ ተኩል ያህል፣ ከበሩ በስተቀኝ ያለችው ቦታ ስትቀር በርሜሉ አለቀ።

"ሌላ የለሽም?" አልኳት ዞሃራን።

"ባሌን ጠይቂው" አለች።

ኦሪት ያቺን ቀይ ቦታ ቆማ አየቻት። የእጇ ምልክት አምስቱም ጣት ታትሞ እላይዋ ላይ ይታያል።

"ትቅር ኢማ። አተኩረው ካላዩት አይታይም" አለች። አላመንኳትም፣ ግን ደክሞኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከሩቅ አየኋቸው። በቆርቆሮው ዘመን ቢሆን በሩ ሲንኳኳ ነበር የምደነግጠው። አሁን ግን ከመኪና ሲወርዱ፣ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ፣ የኤላድ አያት አባባ ፈረደ ከዘራቸውን ሲያነሡ ሁሉንም አየሁ። እነሱም እኛን አዩን። ነጩ ቤት ፊት ቆመን ነበር፤ እኔ፣ ጌታሁን፣ ያኒቭና ኦሪት፣ ዞሃራም የበዓል ቀሚሷን ለብሳ።

ወንበሮቹን ግድግዳው ጥላ ሥር ደርድረናቸዋል። ሁሉም ሊቀመጡ ሲሉ አባባ ፈረደ ወንበራቸውን አልፈው ሄዱ። ቀጥ ብለው ቀይዋ ቦታ ፊት ቆሙ። አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የኤላድ እናት እትዬ ዘውዲቱ ወደ መሬት አየች።

"ይኼ የላም ነው" አሉ አባባ ፈረደ።

የሲሚንቶ ነው ልል፣ የአትክልት ማዳበሪያ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ሦስተኛው ውሸቴ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ኦሪት ቀደመችኝ። ያደግሽበት ቋንቋ ነው፣ ተናገሪው ብዬ ስንት ዓመት የለመንኳትን፣ እሷ ግን ሁልጊዜ በዕብራይስጥ የምትመልስልኝን አማርኛ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረችው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች።

"አዎ አባባ። የላም ነው። እናቴ በአውቶቡስ አመጣችው። እኔና እናቴ ለቀለቅነው። እናንተ ስለምትመጡ።"

አባባ ፈረደ ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ቀኝ መዳፋቸውን የኦሪት የእጅ ምልክት ላይ አስቀመጡና ቆዩ።

"ይቺ እጅ የማን ናት?"

"የእኔ።"

"ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ቤት ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ፣ ልጆቼ። ለእኔ ብሎ ቤት የለቀለቀልኝ ግን አልነበረም።" ከዚያ እንደገና አሸተቱና ፊታቸውን አኮማተሩ። "የእኛ ላም ግን እንዲህ አትሸትም ነበር! እዚህ ምን እያበሏት ነው?"

ያኒቭ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ዞሃራ ክንዴን እየጎተተች "ምን አሉ? ምን አሉ?" ትለኛለች። ሳቅ አላስነግር አለኝ። አባባ ፈረደ ወንበራቸውን አስመጡና ጀርባቸውን ለቀይዋ ቦታ ሰጥተው፣ ጥላው ውስጥ ተቀመጡ።

"በሉ፣ ሥራ አለብን" አሉ። ከዚያ እንደ ወጉ ተነሥተው ልጃችንን ጠየቁን። እነሱ በተነሡ ቁጥር ዞሃራም አብራ ትነሣ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከመካከላችሁ እንደ እኔ ልጆቿን ስትጠብቅ ቤቷን የደበቀች እናት ካለች፣ ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻትም። ዛሬም በር ሲመታ እደነግጣለሁ፤ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮኽማ አትጠይቁኝ። ግን ቆርቆሮውን መልሼ አላቆምኩትም። የሎሚ ችግኝ ተክያለሁ። ጠዋት ጠዋት ከቤት ወጥቼ መንገዱን እያየሁ እቀመጣለሁ፤ የሚያልፍ ሰው ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ለካስ ከብዙዎቹ ጋር አንድ መንገድ ላይ ስንኖር ኖረናል። ያን ቀን እውነቱን ለመናገር የደፈረችው እኔ ሳልሆን ልጄ ናት። እኔ የተማርኩት ከእሷ ነው፤ በመማሬ አላፍርም።

ኦሪት ተድራ ሄደች። በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት ከባሏ ጋር መጥታ ግድግዳውን ኖራ ትቀባለች፤ ቀይዋን ቦታ አታስነካም። ሽታው ጠፍቷል። በክረምት የመጀመሪያው ዝናብ ግድግዳውን ሲመታው ግን ከጭዱ ውስጥ በጣም ትንሽ ሽው ይላል። ያን ጊዜ ዞሃራ መስኮቷን ከፍታ ሰፈሩ እስኪሰማ ትጮኻለች፦

"ታንጉት! ላምሽ መጣች!"

"በሩ ክፍት ነው፣ አስገቢልኝ!" እላታለሁ።